ኩቲካዳን የጻፈው ፊልም

ማድራስ፣ ኮዳምባካም
ፌብሩዋሪ 12፣ 1985

እትዬ ሮሲሊ፣

እንደምን ከርመሻል? የአባባ ጉልበትስ እንዴት ነው? መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጊዜ አጥቼ አይደለም፣ አፍሬ ነው። ለጠየቅሽኝ ነገር መልሱ አንድ ቃል ነው፤ አልሆነም።

ጥፋቱ የድርሰቱ አይደለም፣ የአፌ ነው። አንቺ እዚያ ሆነሽ ፕሮዲዩሰር ማለት መነጽሩን ሰክቶ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ይመስልሻል። እዚህ የሚያነብ ሰው የለም። ታሪክ የሚሸጠው በአፍ ነው። ሆቴል ክፍል ያስገቡሃል፣ በሩን ይዘጋሉ፣ «በል ንገረን» ይሉሃል፤ አለቀ። ፕሮዲዩሰሩ አቶ ላዛር አልጋው ላይ ተጋድሞ የተጠበሰ ሙዝ እየበላ ነበር። እኔም ጀመርኩለት። ሁለት ደብሮች፣ ሁለት ማርሽ ባንዶች፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ክላርኔቱን ሳጥን ውስጥ የዘጋው ሽማግሌው ፓይሊ፣ የቅዱስ ሴባስቲያን በዓል ሲመጣና የወዲያኛው ደብር ባንድ ሊያዋርዳቸው ሲል «ተነስ እንጂ አባባ» ብላ የምትሞግተው ልጁ። እንዲህ ባጭሩ ሲጻፍ ያምራል አይደል? እኔ ግን ቀልዱ ሳይደርስ ሳቅሁ። ስቄ ስጨርስ ቀልዱ ጠፋኝ። መጨረሻውን መሀል ላይ አፈረጥኩት። ልጅቷን ጭራሽ ረስቻት ኖሮ ልክ ስታለቅስ ደረስኩባት።

«ቆይ፣ ይህች ልጅ ደግሞ ከየት መጣች?» አለኝ።

«ከመጀመሪያም ነበረች።»

«ታዲያ እስካሁን የት ሄዳ ነበር?»

«ወጥ ቤት ነበረች፣ ጌታዬ።»

«በል ከወጥ ቤት ስትወጣ ትጠራኛለህ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እኔ የትዕይንቱን አጥንት በፖስታ ስልክልሽ፣ አንቺ ሥጋና ምላስ አብጅተሽለት ስትመልሺልኝ ይኸው ሁለት ዓመታችን። አንቺ ያናገርሻቸውን ሰዎች እኔ አንድ ከሰዓት በኋላ ገደልኳቸው።

ስለ ስምሽ ደግመሽ መጠየቅሽ አላስቆጣኝም። ቃሌ ቃል ነው፤ ፊልሙ ሲጀምር «ድርሰት፣ ሮሲሊ እና አንቶ» ይላል። ለጊዜው ግን ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ወንድምሽ አንቶ

*

ቻላኩዲ
ፌብሩዋሪ 21፣ 1985

አንተ ከቀልድ በፊት ሳቂ፣

ሰላምታውን ላስቀድም። ሁላችንም ደህና ነን። የአባባ ጉልበት እንደ አየሩ ነው። የአክስታችን ልጅ የትሬሲያ ላም ወልዳ ሰፈሩ ሁሉ ወተት ጠገበ። ደብዳቤህን መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ የሒሳብ መምህሯ አይታኝ «ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ?» አለችኝ። «የለም፣ ወንድሜ ከሥራ ተባረረ» አልኳት።

አሁን ስማኝ። ታሪክ ስትነግር ሰውየው የሚያየው ያንተን ፊት ነው። አንተ ከሳቅህ ለሱ ምን ይተርፈዋል? ደግሞ በባንዶቹ አትጀምር፤ ፓይሊ ዓሣ ገበያ ላይ ስለ አንዲት ዓሣ ሲጨቃጨቅ ጀምር። ሰዎች መጀመሪያ ሲጨቃጨቅ ካላዩት በኋላ ዝም ሲል ዝምታው አይገባቸውም። ይህን ከመስታወት ፊት ተለማመደው።

አባባን እንንገረው ወይ እንዳትለኝ፣ አይሆንም። አንተ ማድራስ መሄድህን እስካሁን «ለሥራ ወጣ» ነው የሚለው፤ ሲኒማ የሚለውን ቃል አፉ አያወጣም። እናታችን ካረፈች ወዲህ ደግሞ ክላርኔቱንም ባንዱንም ትቶ ነገር ብቻ ነው የቀረው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ዓሣ ገበያው ግድግዳ ላይ የአንዲት ተዋናይ ስም በትልቁ ተለጥፎ አየ።

«ድሮ የሴት ስም ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ስትሞት ነበር» አለ፣ የቀብር ማስታወቂያውን ማለቱ ነው። «አሁን በቁሟ ይለጥፏት ጀመር?»

«ዘመኑ ነው» ብዬ ዝም አልኩ።

ዝም ልበል እንጂ አንቶ፣ አንተን አልዋሽህም፤ እፈልገዋለሁ። ዕድሜዬን ሁሉ የሰው ልጆችን ስም ስጠራ የኖርኩ መምህርት ነኝ። አንድ ቀን ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ የራሴ ስም ሲበራ ማየት እፈልጋለሁ። እብደት ነው ካልክ እብደት ነው። ግን በአባባ ፊት እንዴት እንደሚሆን አላውቅም።

እህትህ ሮሲሊ

*

ማድራስ
ኤፕሪል 18፣ 1985

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ እኔ ቆሜ ነው የምጽፈው፣ መቀመጥ አቅቶኛል።

ያልሽኝን መስታወት ፊት ሳይሆን ምግብ ቤት ሞከርኩት። ከእኔ ጋር አንድ ማዕድ የሚበላ፣ ተዋናዮችን የሚኳኩል ሰው አለ። የዓሣ ገበያውን ጠብ ሳልስቅ ነገርኩት። እሱ ሳቀ። ሰውየው ለካ በማግሥቱ የሚለጥፈው የማንን ጺም ኖሯል? የሱሬንድራናትን። አዎ፣ ሌላ ሱሬንድራናት የለም። ጺሙን ሲለጥፍለት ጠቡን ነገረው። ሱሬንድራናትም «ከዚያስ?» አለው። ሰውየው የሚያውቀው እስከ ዓሣዋ ድረስ ነው። ይኸው አሁን መላው ኬራላ ያበደለት ተዋናይ የዓሣዋን መጨረሻ ለመስማት ፕሮዲዩሰር እያስጠራ ነው፤ ያውም አቶ ላዛርን።

በሜይ መጀመሪያ ሾራኑር፣ ኒላ ወንዝ ዳር ፊልም ይሠራል። በምሳ ሰዓት እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሰማናል። ይሰማናል ስል ይሰማሻል ማለቴ ነው። አለቃዬን ዳይሬክተሩን ፈቃድ ብጠይቀው «አንተ ከሄድክ ወንበሬን ማን ይይዝልኛል?» አለኝ። ቢፈቅድልኝም ግን አልሄድም ነበር። እኔ ብነግረው ያቺ ልጅ ተመልሳ ወጥ ቤት ትገባለች።

ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ሾራኑር በባቡር ቅርብ ነው። እምቢ እንዳትዪኝ። ለአባባ ምን ብለሽ እንደምትወጪ ግን እኔን አትጠይቂኝ፣ ውሸት ላይ ሁልጊዜም አንቺ ትበልጪኛለሽ።

አንቶ

*

ቻላኩዲ
ሜይ 9፣ 1985

አንቶ፣

በአንድ ፖስታ ያን ሁሉ ጥያቄ ትጠይቃለህ? በተራ እመልሳለሁ። አዎ፣ ሄድኩ። አዎ፣ ነገርኩት። አዎ፣ ትሬሲያ አብራኝ ነበረች። ለአባባ ስለት አለብን ብለን ወጣን፤ ውሸት እንዳይሆንብን በመንገዳችን ባገኘነው ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ሻማ አበራን። ባቡር ጣቢያ ሳንደርስ ክብሪታችን አለቀ።

ሱሬንድራናት እንደ ባላባት ለብሶ፣ ያን የሚያህል ጺም ተለጥፎበት፣ ሁለት ሰዎች እያራገቡለት ተቀምጧል። አቶ ላዛር በሩን በሩን ያያል።

«ደራሲው የታለ?»

«እህቱ ነኝ።»

«እሱስ?»

ወጥ ቤት ነው ልለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ትሬሲያ ቆነጠጠችኝ።

ለራሴ እንዲህ አልኩ፤ ጣሪያ ላይ እንሽላሊት የሚያሳድድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ዓይኑን ወደኔ እንዲመልስ ሳደርግ ኖሬ የለም ወይ? እንደ ክፍሌ ልጆች ቆጠርኳቸውና በዓሣዋ ጀመርኩ። ሁለቱን ባንዶች በአፌ ነፋኋቸው፣ ከበሮውን ጠረጴዛው ላይ መታሁት፣ የሱሬንድራናት ሻይ ተደፋ፣ ማንም ልብ አላለም። አራጋቢዎቹ ማራገብ ተዉ። ወጥ ሠሪው ጭልፋውን እንደያዘ በር ላይ ቆመ። አንቶ፣ እንዲህ ያለ ደስታ በዓለም ላይ እንዳለ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ፓይሊ ዓሣ እየጠበሰች ላለችው ልጁ ስለ ሚስቱ ቀብር የሚነግራት ቦታ ደረስኩ። «እናትሽን በተሳሳተ ዜማ ሸኘናት። ሐዘንተኛ አይነፋም ብለው እኔን ከለከሉኝ። እኔ ከሬሳው ኋላ እየሄድኩ፣ ከማልቀስ ይልቅ ያ ልጅ ክላርኔት ላይ የሚስተውን ስቆጥር ዋልኩ። አንዲት እንባ አልወጣችኝም» ይላል። ይህን ስል ሱሬንድራናት ፊቱን በእጁ ጠረገ፤ ቀለሙ ከጺሙ ጋር ተያይዞ ወደ ጆሮው ሄደ። ያ የሚኳኩለው ጓደኛህ «ሁለት ሰዓት የፈጀሁበትን» ብሎ ጮኸ። የከሰዓቱ ሥራ በእኔ ምክንያት ተስተጓጎለ።

«መምህርት» አለኝ ሱሬንድራናት፣ «ይህን ሽማግሌ ለሌላ ተዋናይ ቢሰጡት እጣላዎታለሁ።»

አቶ ላዛር ምን አለ ልትለኝ ነው። «መቼ እንጀምር?» ነው ያለው።

ባቡሩ ውስጥ ትሬሲያ እየሳቀች፣ እኔ እያለቀስኩ መጣን። አባባ «ስለታችሁ ደረሰ?» አለን። «ሳይደርስ አይቀርም» አልኩት።

ሮሲሊ

*

ማድራስ
ጁላይ 3፣ 1985

እትዬ፣

ዝም ማለቴ እንዳስቆጣሽ ገብቶኛል። ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ። መልካሙን ላስቀድም፤ ውሉ ተጽፎ ፊርማችንን ይጠብቃል፣ ሥራው ከዝናቡ በኋላ ይጀመራል፣ ሱሬንድራናት ክላርኔት አያያዝ እየተለማመደ ነው፣ ጎረቤቶቹ ተማረዋል ይባላል።

ክፉው ይኸውልሽ። ስምሽን ጻፍ ብዬ ለአቶ ላዛር ስሰጠው ወረቀቱን እንደ ትኩስ ድንች ወረወረው። «ሴት የጻፈችው ከተባለ ሲኒማ ቤቶቹ የለቅሶ ፊልም ነው ብለው አይወስዱትም» አለኝ። «ታሪኩን ማን እንደነገረህ ረሳኸው?» አልኩት። «እኔ አልረሳሁም፤ ሲኒማ ቤቶቹ ግን አልሰሟትም» አለ። ተጨቃጨቅን። ድርሰቱን ይዤ ልወጣ ተነሳሁ። ከዚያ አንቺ በአባባ ምክንያት የምትፈሪው ትዝ አለኝና አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

የቤታችን ስም፣ ቤተሰባችን ሁሉ የሚጠራበት። «ታሪክ፣ ድርሰትና ንግግር፣ ኩቲካዳን» ብቻ። የኔም ስም አይወጣም፣ ያንቺም አይወጣም፤ ሁለታችንም ግን እዚያ ውስጥ አለን። ሲኒማ ቤቶቹ ሴት ናት አይሉም፣ አባባም ልጄን ግድግዳ ላይ ለጠፏት አይልም። አቶ ላዛር ወደደው። አንቺ እምቢ ካልሽ ግን አንድም ፊደል አልፈርምም፤ ይህን ደግሜ እነግርሻለሁ።

ያን የቀብሩን ንግግር ከየት እንዳመጣሽው ልትነግሪኝ ትችያለሽ? ሰዉ ሁሉ እኔን ይጠይቀኛል፣ እኔም አውቄ እንደዘጋሁ እየመሰልኩ እስቃለሁ።

አንቶ

*

ቻላኩዲ
ጁላይ 14፣ 1985

አንቶ፣

ተናደድኩ። ልብስ ሳጥብ ተናደድኩ፣ ሳሰጣ ተናደድኩ፣ ዝናብ መጥቶ ሲያረጥበው ደግሞ በአንተ አሳበብኩ። አሁን ትንሽ በርዶልኛል።

በሐሳብህ እስማማለሁ። የምስማማው ፊልሙ እንዲሠራ ብዬ ነው፣ ደስ ብሎኝ አይደለም። ይህን ለይተህ እወቅልኝ። በግማሽ ስም መኖር ካለስም ከመኖር ይሻላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ግን ግማሹ የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል?

ከየት አመጣሽው ላልከኝ፣ ከየትም አላመጣሁትም። ደግመህ አትጠይቀኝ። ሁለተኛውን ባንድ የሚመራውን ሰውዬ ንግግር አሻሽዬዋለሁ፣ በዚህ ፖስታ ውስጥ ነው። የምሳ ሳጥኑን ትዕይንት አውጣው፣ አሰልቺ ነው።

ሮሲሊ

*

ኤርናኩላም
ዲሴምበር 28፣ 1985

እትዬ፣

ያየሁትን ልንገርሽ፤ ብታምኚም ባታምኚም። ገና ዕለት ከቅዳሴ ቀጥታ ሲኒማ ቤት ሄድኩ። ሰልፉ መንገዱን አልፎ ዳቦ ቤቱን ዞሯል። ስሜን የሚያውቅ ስለሌለ እንደማንም ተጋፍቼ፣ አንድ ጫማዬ ተረግጦ ተቀደደና ገባሁ። «ኩቲካዳን» የሚለው ሲበራ አንድም ሰው አላጨበጨበም፣ ማን ያውቀዋል? እኔ ብቻ አጎንብሼ ጫማዬን የማጠልቅ መሰልኩ።

ከዓሣዋ ጀምሮ ግን ሰዉ የኛ ሆነ። ከኋላዬ የተቀመጠ ወፍራም ሰውዬ ሱሬንድራናት ሳይናገር እሱ ይናገራል፤ ለካ ሁለተኛ ጊዜው ነው። ባንዶቹ ሲገናኙ ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ፣ ወረቀት ቀደው በተኑ፣ ሦስት ልጆች መጋረጃው ፊት ወጥተው ጨፈሩ። የቀብሩ ንግግር ላይ ደግሞ ያ ወፍራም ሰውዬ ድምፁ ጠፋ። ዞሬ አላየሁትም፣ ነውር ነው። ስወጣ እግሬ መሬት መርገጡን እንጃ፤ አንዱ ጫማዬ እንደሆነ አልረገጠም።

አቶ ላዛር በየቀኑ እየደወለ «ኩቲካዳን ሁለተኛ ታሪክ አላቸው ወይ?» ይላል። «አላቸው» እላለሁ። እና አለን? የጀልባ ነጂዎቹን ነገር አስቢበት።

ቻላኩዲ መቼ ነው የሚደርሰው? አባባ ሰማ?

አንቶ

*

ቻላኩዲ
ጃንዋሪ 10፣ 1986

አንቶ፣

አያ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። አንተም እኔም ማለቴ ነው።

ፊልሙ ደረሰ። ለምን አልጻፍሽም አትበለኝ፣ እዚህ የሆነውን ለማመን ቀናት ፈጀብኝ። ማድራስ ላይ ኩቲካዳን ማለት ማንም ሊሆን ይችላል። ቻላኩዲ ግን ኩቲካዳን ማነው? ከኩቲካዳን ቤት ክላርኔት ነፊው ማን ነው? ማን ነው ባንድ የመራው? ከተማው አስቦ ጨረሰው፤ ፊልሙን የጻፈው አባባ ነው።

መጀመሪያ የነገረው ጸጉር ቆራጩ ኩንጃን ነው።

«ጋሽ ኦውሴፕ፣ እኛ ክላርኔት ነፊ ብቻ መስለውን ነበር። ለካ ደራሲ ኖረዋል?»

«የምን ደራሲ?»

«ኩቲካዳን ማን ነው ታዲያ?»

አባባ «እኔ ነኝ» አለ፤ ምን ይበል?

ቤት መጥቶ «ኩንጃን አርጅቷል» አለኝ። በማግሥቱ ዓሣ ነጋዴዋ ትልቁን ዓሣ መርጣ ከሰጠችው በኋላ «ጋሽዬ፣ እኔን ነው አይደል የጻፉኝ?» አለችው። ቄሱ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «እኔ አልጻፍኩም» ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። «ትሕትናቸውን አያችሁ?» አሉ። እኔ ይህን ሁሉ እየሰማሁ ወጡን አማስላለሁ። ፊቴን ወደ ምድጃው እንጂ ወደሱ አላዞርኩም።

አሁን ደግሞ መካዱን ተወው። ትናንት አጥሩ ላይ ተደግፎ ለጎረቤት «የዛሬ ልጆች ፊልም ሲሠሩ ይቸኩላሉ» እያለ ሲያስረዳ ሰማሁት። ሲኒማ ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው። ይባስ ብሎ የበዓሉ ኮሚቴ የቅዱስ ሴባስቲያን ዕለት መድረክ ላይ ጠርቶ ለደራሲው የወርቅ ጥልፍ ሻል ሊያለብስ ወስኗል።

ልስቅ ፈልጌ አልቻልኩም። ስሜ እንዲበራ ነበር የፈለግሁት፤ ይኸው ሥራዬ የአባቴ ሆነ። ቀንቼ ይሆን? በገዛ አባቴ እቀናለሁ?

ግን የሚያስጨንቀኝ ይህ አይደለም። የጠየቅከኝን አሁን ልንገርህ። ያ የቀብሩ ንግግር የፓይሊ አይደለም፣ የአባባ ነው። እናታችን ከተቀበረች በኋላ፣ አንተ ማድራስ ተመልሰህ፣ እኔ ዓሣ እየጠበስኩ ሳለ ወጥ ቤት መጥቶ ቃል በቃል ያላት ነች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያላት፣ ለእኔ ብቻ። ሳላስፈቅደው ወሰድኩበት። ያን ለሱሬንድራናት አፍ ሰጠሁት።

ዛሬ ቁርስ ላይ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «ነገ ሲኒማ ቤት እሄዳለሁ። የጻፍኩትን ልይ እንጂ፣ ሰው ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?»

ጸልይልኝ።

ሮሲሊ

*

ማድራስ
ጃንዋሪ 15፣ 1986

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ ሰዎች በላዬ ተራምደው አለፉ። አየው? ምን አለ? አንቺን ምን አለሽ? ልምጣ? ቴሌግራም ላኪልኝ ልልሽ ነበር፣ ግን ይህን ነገር ፖስታ ቤቱ ሁሉ ያነበዋል።

ምክንያቱ የኔ ሐሳብ ነው፤ በይ እኔን ውቀሺ። የቤት ስም የአባት ስም መሆኑን ያልቆጠረ ከእኔ በቀር ማን አለ?

አንድ ነገር አድርጌያለሁ። የወንበር ያዥነቱን ሥራ ለቀቅሁ። ቀጥዬ አቶ ላዛር ዘንድ ሄጄ «የጀልባ ነጂዎቹ ታሪክ ሮሲሊ እና አንቶ ተብሎ ይወጣል፣ አለዚያ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አልኩት። ሳልስቅ ነው ያልኩት። «እስቲ አስብበት» አለኝ። በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝና «ያቺ መምህርት ራሷ መጥታ ትነግረኛለች?» አለ። «ትመጣለች» ብያለሁ።

አንቶ

*

ቻላኩዲ
ጃንዋሪ 24፣ 1986

አንቶ፣

አየው።

ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጃንጥላውን ይዞ ብቻውን ሄደ። ልከተለው ብዬ ከበሩ ተመለስኩ። ሲመጣ እግሩን ታጠበ፣ የሩዝ አጥሚት ጠየቀኝ፣ ጠጣ፣ ተኛ። በማግሥቱ ስለ ጃንጥላው እጀታ ብቻ ተናገረ። ከዚያም እስከ በዓሉ ድረስ እንዲሁ። እኔ ዓሣ አሳረርኩ፣ ለአምስተኛ ክፍል የስድስተኛን ትምህርት አስተማርኩ፣ ትሬሲያ «ተናዘዢለት» ስትለኝ አኮረፍኳት። አባባን ባየሁት ቁጥር ያዘነ ይሁን የተቆጣ መለየት አቃተኝ።

በዓሉ ዕለት የሴባስቲያን ቀስት፣ ሰማዕቱ የተወጋበት ምልክት፣ ለበረከት በየቤቱ ዞሮ፣ ሁለቱም ባንዶች ግቢው ውስጥ ሲነፉ ከዋሉ በኋላ ሰዉ መድረኩ ፊት ተቀመጠ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ረጅም ንግግር አደረገና «የደብራችን ኩራት፣ ደራሲው ኦውሴፕ ኩቲካዳን» ብሎ ጠራ። ጭብጨባው አይጣል ነው። አባባ ጉልበቱን በእጁ እየደገፈ ወጣ። ሻሉን ዘርግተው ሊያለብሱት ሲሉ የሰብሳቢውን እጅ ያዘና ማይክራፎኑን ወሰደበት።

«ይሰማል? እኔ አልጻፍኩም ስላችሁ ትሕትና ነው አላችሁ። እኔ ትሕትና የለኝም፤ ሚስቴ ብትኖር ትነግራችሁ ነበር።»

ሰው ሳቀ። እኔ ከሴቶቹ በኩል ወንበሬን በሁለት እጄ ይዣለሁ።

«በፊልሙ ውስጥ ያ ሽማግሌ ስለ ሚስቱ ቀብር የሚናገራት አለች። ሁላችሁም እንዳለቀሳችሁባት ሰምቻለሁ። እሷን የተናገርኳት እኔ ነኝ። የተናገርኩት ግን ቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። የሰማኝ ሰው አንድ ነው። ልጄ አንቶ እንኳ አልነበረም፣ ማድራስ ነበር። እንግዲህ ማን እንደጻፈው እናንተው ድረሱበት።»

አንቶ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ አንገቱን ሲያዞር ድምፅ አለው። ትሬሲያ በክርኗ ገፋችኝ። «ነይ እንጂ» አለ አባባ በማይክራፎኑ፣ ቤት ውስጥ ለምሳ እንደሚጠራኝ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ሻሉን ከሰብሳቢው እጅ ተቀብሎ ራሱ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ፣ አንዱን ጎን ረጅም አንዱን አጭር አድርጎ። «ሮሲሊ ትባላለች» አላቸው፣ እንደማያውቁኝ ሁሉ። የሁለቱም ደብር ባንድ በአንድ ጊዜ፣ የየራሱን ዜማ ነፋ። የአምስተኛ ክፍል ልጆቼ ወንበር ላይ ወጥተው ስሜን ይጠሩ ጀመር። ጆሮዬ አሁንም ይጮሃል።

ወደ ቤት ስንሄድ እሱ ፊት ፊት፣ እኔ ኋላ ኋላ ነበርን።

«አባባ፣ ሳላስፈቅድህ ነው የወሰድኩብህ» አልኩት።

ትንሽ ሄደ።

«ሲኒማ ቤት ጥሩ ነገሩ ጨለማ መሆኑ ነው» አለኝ። «ሰው እንደልቡ ይሆናል።» ገባኝ። ለእናታችን በመጨረሻ እዚያ አልቅሶላታል። ደስታዬም እንባዬም አንድ ላይ መጥተው የትኛውን እንደማስቀድም ጠፋኝ።

የአጥሩን በር ሲከፍት ቆም አለ።

«ሌላ እየጻፋችሁ ነው አሉ?»

«አዎ።»

«ያ ፊልም ሲጀምር የሚያወጡት ጽሑፍ በጣም ደቃቃ ነው። በሚቀጥለው ስምሽን ትልቅ አድርገው ይጻፉት በያቸው፤ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም።»

ማድራስ የምመጣበትን ባቡር ሐሙስ አሳውቅሃለሁ። እስከዚያ ለአቶ ላዛር አባቴ ያለውን ንገረው።

ሮሲሊ ኩቲካዳን